ፍችና ጥፋት በኢትዮጵያ የጋብቻ ሕግ ታሪክ

በግዕዝ «ፈትሐ» የሚለው ግስ ሁለት ትርጕም አለው፤ አንደኛው የታሰረውን መፍታት፥ ሁለተኛው መፍረድ ነው። «ፍትሕ» የሚለው ቃል፥ «ፍትሐ ነገሥት» የተባለው መጽሐፍ፥ «ፍትሐ ብሔር» የተባለውም ሕግ ስማቸውን ያገኙት ከፍርዱ ወገን ነው። አማርኛ ግን ስለ ባልና ሚስት መለያየት ሲናገር የያዘው የመፍታቱን ወገን ነው። ባላገሩ «ሚስቱን ፈታ»፥ «ባሏን ፈታች»፥ «ተፋቱ» ሲል የተቋጠረው ተፈታ ማለቱ እንጂ ዳኛ ፈረደ ማለቱ አይደለም። ነገሩ የቃላት ልዩነት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ መንግሥት ስለ ፍች ያወጣቸው ሕጎች የተመላለሱት በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም፥ ጋብቻ በሚፈርስበት ጊዜ በዳዩ ማን ነው ብሎ መመርመር ያስፈልጋልን? ከተመረመረስ በኋላ የምርመራው ውጤት የሚያርፈው በምን ላይ ነው?

የሕግ ሊቃውንት ፍችን በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው በጥፋት ላይ የተመሠረተ ፍች ነው። በዚህ ሥርዐት ጠያቂው ወገን የሌላውን ጥፋት፥ ዝሙትን ወይም ቤት ጥሎ መሄድን ወይም ይህን የመሰለ በደል፥ በዳኛ ፊት ካላስረዳ ጋብቻው አይፈርስለትም። ሁለተኛው ያለ ጥፋት የሚደረግ ፍች ነው፤ በዚህኛው አብሮ መኖር አለመቻሉ ብቻ ይበቃል። በአውሮፓና በአሜሪካ የሕጉ አካሄድ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ነበር። በፈረንሳይ አገር በ1884 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ያለ ጥፋት ፍችን አይፈቅድም ነበር፤ በስምምነት መፋታት እንደ ገና የተፈቀደው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። በአሜሪካ የተባበሩ መንግሥታት የቤተ ሰብ ሕግ የየግዛቱ ሥልጣን በመሆኑ አካሄዱ እንደየግዛቱ ተለያይቷል፤ ካሊፎርንያ በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ጥፋትን ከፍች ምክንያትነት ስታስወጣ፥ ኒው ዮርክ ያለ ጥፋት ፍችን በሕጓ ያገባችው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው የኢትዮጵያንም በዚሁ መንገድ ይገምተዋል፤ ጥንት ጥብቅ የነበረው ልማድ በዘመናዊ ሕግ እየላላ መጣ ብሎ ያስባል። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ያለ ጥፋት መፋታት በልማዱ ውስጥ ከጥንት የነበረ ሲሆን፥ ጥፋትን መዝኖ ንብረትን በዚያ ሚዛን የሚያከፋፍለውን ሕግ ጽፎ ያወጣው ዘመናዊው መንግሥት ነው። ከ40 ዓመት በኋላ የወጣው ሌላው ሕግ ደግሞ፥ አዲስ ነው ቢባልም፥ በብዙ ነገር ወደ ቀድሞው ልማድ የተመለሰ ነው።

በደጋው ክርስቲያን ሕዝብ ዘንድ ጋብቻ በሦስት ዐይነት ይፈጸም ነበር። የመጀመሪያው የቁርባን ጋብቻ ነው። ባልና ሚስት አብረው ሥጋ ወደሙ ሲቀበሉ ጋብቻቸው በቤተ ክርስቲያን ፊት የማይፈታ ይሆናል፤ ፍትሐ ነገሥትም በ24ኛው አንቀጹ ስለ ጋብቻ ሲናገር፥ ጋብቻ የሚፈርስባቸውን ምክንያቶች ጥቂት አድርጎ ይቈጥራል፤ ከነዚህም ዋናው ዝሙት ነው። እንግዲህ በጥፋት ላይ የተመሠረተ ፍች በኢትዮጵያ ፈጽሞ ያልታወቀ ነገር አልነበረም፤ በመጽሐፍ ተጽፎ ነበር። ነገር ግን በዚህ ሥርዐት የሚገቡት ከሕዝቡ ጥቂቶች ነበሩ። ካህናት ለክህነታቸው ሲሉ ይቆርባሉ፤ ከምእመናን ወገን ብዙውን ጊዜ የሚቆርቡት ዕድሜያቸው የገፋ፥ ዐብረው ብዙ ዘመን የኖሩና ከእንግዲህ መለያየት የማያሰጋቸው ባልና ሚስት ናቸው። ለካህኑ ደግሞ የጥፋተኛነት ጥያቄ ብዙ አይጠቅመውም ነበር፤ ሚስቱ በራሷ በደል ጥላው ብትሄድ እንኳ ሌላ ሲያገባ ክህነቱን ያጣል። በዳዩ ማንም ይሁን ማን ዕዳው በእርሱ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው፥ ብዙው ሕዝብ የሚጋባበት፥ የሰማንያ ጋብቻ ነው። ስለ ስሙ አመጣጥ የሚሰጠው ትርጓሜ ልዩ ልዩ ነው፤ አንዳንዶች ውሉን ያፈረሰ ሰው ሰማንያ ብር ይከፍል ስለ ነበር ነው ይላሉ፤ ሌሎችም ከምስክሮች ቍጥር ጋራ ያያይዙታል። ከስሙ ይልቅ ፍሬ ነገሩ ግልጽ ነው። ሁለቱ ወገኖች በሽማግሌዎችና በዋሶች ፊት ይቀርባሉ፤ ባልና ሚስት ይዘውት የሚመጡት ሀብት፥ ከብቱም ገንዘቡም ዕቃውም፥ እየተቈጠረ ይነገራል፤ በንጉሥ ስም ይማላል። በዚህ ሥርዐት ጋብቻው ራሱ ውል ነው፤ ውልም ስለ ሆነ ይፈርሳል። ሲፈርስም ሁሉ ሰው የሚያውቀው ደንብ ነበረው፤ እያንዳንዱ ይዞ የመጣውን ይወስዳል፤ ዐብረው ያፈሩትን እኩል ይካፈላሉ።

ሦስተኛው የደሞዝ ጋብቻ ነው። ሴቲቱ ለተወሰነ ጊዜ በተወሰነ ክፍያ ከሰውየው ቤት ትገባለች፤ ነጋዴና ወታደር፥ ከቤቱ ርቆ የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ይመርጥ ነበር። ጊዜው ሲያልቅ ደሞዟን ተቀብላ ትሄዳለች። በዚህኛው ስለ ጥፋት የሚነሣ ነገር አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ ጭቅጭቁ ሁሉ በደሞዙ ላይ ነው።

የውጭ አገር መንገደኞች ይህን ባዩ ጊዜ ብዙዎቹ ተገረሙ፤ አንዳንዶቹም በአገሩ ጋብቻ የለም እስከ ማለት ደረሱ። የስኮትላንዱ ሰው ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጕዞ መጽሐፉ፥ በጐንደር አጠገብ በቍስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ፊት በተቀመጠበት ጊዜ በዚያው ጉባኤ አንዲት ትልቅ ወይዘሮና ቀድሞ ባሎቿ የነበሩ ሰባት ሰዎች ተቀምጠው ማየቱን፥ ከሰባቱም በዚያን ጊዜ ባሏ የሆነ አንድ ስንኳ አለመኖሩን ይተርካል። ብሩስ ይህን የጻፈው የአገሩን ልቅነት ለማሳየት ነው። አስተውሎ ለሚያነብ ግን ከሰባቱ ቍጥር ይልቅ የሚያስደንቀው ሌላ ነው፤ ሰባቱም ከሴቲቱ ጋራ፥ እርስ በርሳቸውም፥ በአንድ አዳራሽ በሰላም ተቀምጠዋል። ጥፋተኛው ማን ነው በሚል ክርክር የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ያለ ጉባኤ መገኘቱ ያጠራጥራል። በኋላ ዘመንም ቢሆን የቤተ መንግሥት ሰዎች ኑሮ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከወይዘሮ ባፈና ጋራ ኖረው ተለያይተዋል፤ እቴጌ ጣይቱም ከርሳቸው በፊት ሌሎች ባሎች ነበሯቸው። ሁለቱ በ1875 ዓ.ም. ሲጋቡ ግን በቁርባን ተጋቡ፤ ከዚያም እስከ ሞት አልተለያዩም። ያለፈው ፍች ለዚህ ጋብቻ ነውርም እንቅፋትም አልሆነበትም።

ይህ ሁሉ እንዲሆን ያስቻለው ዋናው ነገር የርስት ሥርዐት ነው። በጐጃም፥ በበጌምድር፥ በመንዝና በመሳሰሉት አገሮች ወንድም ሴትም ከአባትም ከእናትም ወገን ርስት ይወርሱ ነበር። አላን ሆበን ስለ ዳሞት የመሬት ሥሪት በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ የርስት መብት የሚቈጠረው በትውልድ ነው። ሚስት ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ የርስት መብቷን አትሽረውም፤ ስትፋታም ወደ ዘመዶቿ ተመልሳ ልትጠይቀው ትችላለች። የምትመለስበት አገርና የምታርሰው መሬት ያላት ሴት ለመፋታት የባሏን ጥፋት ማስመስከር አያስፈልጋትም። ይሁን እንጂ ነገሩን ከልክ በላይ ማሳመር አይገባም። መብቱን በተግባር ማግኘት በወንድሞቿ ፈቃድና በአካባቢው ባለ ሥልጣን ፊት በሚደረግ ክርክር የሚወሰን ነበር፤ ማረሻና በሬም በወንድ እጅ ነው። ሽማግሌዎቹም እኩል ይካፈሉ ይበሉ እንጂ በጓዳው ነገር ሲከራከሩ «ጥላ ሄደች» የተባለችው ሴት ከድርሻዋ እንድትተው መደረጓ ያለ ነገር ነው። ጥፋት በልማዱም ይነሣ ነበር፤ የሚነሣው ግን በድርድር እንጂ በደንብ አልነበረም።

በሌሎቹ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዘንድ ሁኔታው የተለየ በመሆኑ፥ የደጋውን ልማድ ለአገሩ በሙሉ መስጠት ስሕተት ነው። በቦረና ኦሮሞ ዘንድ ጋብቻ በባል ሞት እንኳ አይፈርስም፤ መበለቲቱ የሟቹ ሚስት እንደ ሆነች ትኖራለች፤ ፍችም እጅግ ብርቅ ነው። በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን በሚኖሩት ኑዌሮች ዘንድ ደግሞ፥ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1951 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንደ ገለጸው፥ ፍች ማለት የጥሎሹ ከብት መመለስ ማለት ነው፤ ልጅ ከተወለደ በኋላ የከብቱ አመላለስ ስለሚለወጥ፥ ዋናው ጥያቄ ማን አጠፋ ሳይሆን ስንት ከብት ይመለሳል የሚል ነው። እስላሞቹ በሸሪዓ ይዳኛሉ፤ በዚያም ባል በተላቅ ሊፈታ፥ ሚስትም መህሯን መልሳ በኹልዕ ልትፈታ ትችላለች። መንግሥት የቃዲዎችን ፍርድ ቤቶች በ1936 ዓ.ም. በዐዋጅ አጽንቷቸዋል።

እንዲህ ባለ አገር ላይ ነው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የታወጀው። ረቂቁን ያዘጋጁት የፈረንሳይ የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነበሩ፤ ሕጉ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። በ3347ኛው ቍጥር በሕጉ ውስጥ በተነገሩት ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበሩትን የተጻፉም ሆኑ የልማድ ደንቦች ሁሉ ሻረ። በጋብቻ ላይ ግን ከልማድ ጋራ ለመስማማት ሞክሯል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በሃይማኖት ሥርዐት፥ በልማድም የተፈጸመውን ጋብቻ ሦስቱንም አጸና፤ ውጤታቸውም አፈራረሳቸውም አንድ ይሁን አለ። በዚህ አንድ ድንጋጌ የቁርባን ጋብቻ በመንግሥት ፊት እንደ ሰማንያው የሚፈርስ ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያን የማትፈታውን መንግሥት የሚፈታው ሆነ ማለት ነው።

ስለ ፍች ያለው ክፍል በሁለት ክልከላ ይጀምራል። አንደኛው ተጋቢ ሌላውን በገዛ ፈቃዱ ማሰናበት አይችልም፤ ሁለቱም በስምምነት ሊፋቱ አይችሉም። ከዚህ በኋላ የፍች ምክንያቶች በሁለት ይከፈላሉ። ከባድ ምክንያት የተባሉት በቍጥር ጥቂት ናቸው፤ ዝሙት፥ አድራሻው ሳይታወቅ ሁለት ዓመት ቤት ጥሎ መጥፋት፥ ከዚህም በቀር ከማንም ጥፋት ሳይሆን የሚደርሱት፥ እንደ ሁለት ዓመት በእብዶች ቤት መዘጋት፥ በፍርድ የተረጋገጠ መጥፋት፥ የሃይማኖት ባለ ሥልጣኖች ጋብቻውን ማፍረሳቸው። ከባድ ምክንያት ካለ ፍቹ በአንድ ወር ውስጥ ይሰጣል። ከነዚህ ውጭ የሆነው ሁሉ ሌላ ምክንያት ነው፤ ያን ጊዜ ዳኞቹ አስቀድመው ያስታርቃሉ፤ ዕርቅ ካልተገኘ ፍቹን በአንድ ዓመት ውስጥ ይሰጣሉ።

በዚህ ሕግ ፍች የማይገኝ አልነበረም፤ ጠያቂው ከጸና በመጨረሻ ይፈታል። ስለዚህ የ1952ቱን ሕግ በጥፋት ላይ ብቻ የቆመ ነው ማለት ልክ አይሆንም። የጥፋት ፍርድ የተተከለው ከበሩ ላይ ሳይሆን ከንብረቱ ላይ ነው። ፍቹ አንደኛው ባመጣው ከባድ ምክንያት የተሰጠ እንደ ሆነ ዳኞቹ ከጋራው ሀብት የሚበልጠውን ወይም ሁሉንም ለተበደለው ሊሰጡ ይችላሉ። ከባድ ምክንያት ሳይኖር ፍችን የጠየቀ ደግሞ፥ ጥያቄው በሌላው ጥፋት መምጣቱን ዳኞቹ ካላመኑለት በቀር፥ በንብረት አከፋፈሉ የሚቀጣው እርሱ ነው። የሰማንያው ሥርዐት «የየራስህን ውሰድ፥ የጋራውን ተካፈል» ያለውን ይህ ሕግ «አስቀድሞ ጥፋተኛው ይታወቅ» በሚል ለወጠው። በስምምነት መፋታትን መከልከሉ የዚያን ጊዜውን የፈረንሳይ ሕግ ይመስላል፤ የአገሩን ልማድ ግን አይመስልም። ልጆችን በተመለከተ ብቻ ሕጉ ጥፋትን ወደ ጎን ትቶ፥ ጥበቃቸው የነርሱን ጥቅም ብቻ ተመልክቶ እንዲወሰን፥ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑትም ከባድ ምክንያት ከሌለ ከእናታቸው ጋራ እንዲኖሩ አዘዘ።

ፍቹን የሚሰጡት ደግሞ ፍርድ ቤቶች አልነበሩም። ሥልጣኑ የተሰጠው ለቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ሲሆን፥ እነዚህም በሥርዐቱ ለጋብቻው ምስክር ሆነው ከየወገኑ የቆሙት ሰዎች ናቸው። ፍርድ ቤቱ ውሳኔያቸውን የሚነካው በጉቦ ወይም በተንኰል የተሰጠ፥ ሕግን የሚቃረን ወይም ፈጽሞ ከአእምሮ የራቀ በሆነ ጊዜ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ሰዎች የሽማግሌን ልማድ ያከበሩ መስሏቸው ነበር፤ በእርግጥም አከበሩት። ነገር ግን ሽማግሌ በልማዱ የነበረው ሥራ ሌላ፥ በሕጉ የተሰጠው ሥራ ሌላ ነው። በልማዱ ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ዕርቅ እንቢ ካለ ሀብቱን ቈጥሮ ያካፍላል፤ የሚያስገድድበት ኀይል ግን የለውም። በሕጉ ይኸው ሰው ጥፋተኛውን እንዲለይና በንብረቱ እንዲቀጣ ሥልጣን ተሰጠው። የሁለቱ ወገን ዘመዶች ምስክርም ዳኛም ሆኑ ማለት ነው።

የዚህን ውጤት ለማየት የከባድ ምክንያቶቹን ዝርዝር ደግሞ መመልከት ይበቃል። ድብደባ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ባሏ የሚደበድባት ሴት ፍች ብትጠይቅ በሕጉ አነጋገር «ሌላ ምክንያት» ይዛ የመጣች ጠያቂ ናት፤ እስከ አንድ ዓመት ትጠብቃለች፤ ጥፋቱ የባሏ መሆኑንም ለነዚያ ሽማግሌዎች ማስረዳት አለባት፤ ካላስረዳች በንብረቷ የምትቀጣው እርስዋ ናት። በጓዳ የሆነውን ነገር የሚመሰክር ሰው ከወዴት ይመጣል? ሕጉ በሌላ አንቀጹ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ ስላደረገው፥ በሽማግሌዎቹ ፊት «ገሠጽኋት» ማለት በቂ መልስ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። በሰማንያው ልማድ ይህች ሴት ምክንያቷን ለማንም ሳታስረዳ ወደ ወላጆቿ ትሄድ ነበር። ልማዱ ከሕጉ ይልቅ ሩኅሩኅ ነበር ለማለት አይደለም፤ የተሰወረውን እንድታስመሰክር ግን አያስገድዳትም ነበር።

የገጠሩ ሕዝብ ሕጉን በብዛት ሳያውቀው በቀድሞው መንገድ ይጋባና ይፋታ ነበር፤ ሄለን ፓንክኸርስት በ1992 እ.ኤ.አ. ስለ መንዝ ባሳተመችው መጽሐፍ የሚታየውም ፍች በዚያ አገር የተዘወተረ የኑሮ ክፍል ሆኖ መቈየቱ ነው። ሕጉ ይልቁን የከበደው በከተማ ነው። በዚያ የሚካፈሉት ቤትና ደመወዝ፥ ሱቅና ገንዘብ ነው፤ የንብረቱ ዋጋ ከፍ ባለ ቍጥር በዳዩን መለየት የሚያስገኘው ጥቅምም ከፍ ይላል። የሽምግልናው ጉባኤ አንዳንድ ጊዜ ዓመታት ይፈጅ ነበር፤ ፍቹ ተሰጥቷል አልተሰጠም የሚለው ራሱ የፍርድ ቤት ክርክር ይሆን ነበር።

በገጠሩ ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው የጋብቻ ሕግ ሳይሆን የመሬት ዐዋጅ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ርስት ቀረ። መሬት ለቤተ ሰብ ሲደለደል የሚመዘገበው ብዙውን ጊዜ በአባወራው ስም ነበር። ከዚያ ወዲህ የምትፋታ ሴት እናቷ የነበራትን መመለሻ አጣች፤ መብቷ በትውልድ የመጣ መሆኑ ቀርቶ በጋብቻ የመጣ ሆነ። ጭሰኛውን ነጻ ያወጣው ዐዋጅ በዚህ በኩል ያለ ጥፋት የመፋታትን ልማድ መሠረቱን ነሣው፤ ይህን አስቦ እንዳላደረገው ግን ግልጽ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፥ በጋብቻው ዘመንና በፍች ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የቤተ ሰብ ሕግንም የማውጣት ሥልጣን ወደ ክልሎች ሄደ። ከዚህ በኋላ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የፍትሐ ብሔሩ ሕግ እንዲለወጥ አጥብቆ ተከራከረ፤ የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም በዐዋጅ ቍጥር 213 ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ጸና። ይህ ዐዋጅ የሚሠራው በፌዴራሉ መንግሥት ሥር ባሉት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፥ ክልሎቹ የየራሳቸውን አውጥተዋል፤ ትግራይ በ1991፥ አማራና ኦሮሚያ በ1995፥ በዚያን ጊዜ የነበረው የደቡብ ብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በ1996 ዓ.ም. በብዙው ነገር የፌዴራሉን ይመስላሉ።

አዲሱ ሕግ በ1952 የተከለከለውን በስምምነት መፋታትን ፈቀደ፤ ተጋቢዎቹም ምክንያታቸውን የመግለጽ ግዴታ የለባቸውም። አንደኛው ብቻውን ሲጠይቅም ከባድ ምክንያት የሚባል ዝርዝር የለበትም። ፍርድ ቤቱ ያነጋግራቸዋል፤ በሽማግሌ እንዲታረቁ ይሞክራል፤ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣል፤ ይህ ሁሉ ካልሆነ በአንድ ወር ውስጥ ፍቹን ይወስናል። ሽማግሌዎች ወደ ማስታረቅ ሥራቸው ተመለሱ፤ ማፋታት የፍርድ ቤት ብቻ ሆነ። የጋራ ንብረትም ጥፋት ሳይመዘን እኩል ይከፈላል። በቋንቋው ዘመናዊ የሆነው ይህ ደንብ በፍሬው የሰማንያው ደንብ ነው፤ የሚለየው በሽማግሌና በዋስ ምትክ ዳኛና መዝገብ መኖሩ ነው።

ጥፋት ግን ከሕጉ ፈጽሞ አልወጣም። የተሻሻለው ሕግ በ84ኛው አንቀጹ፥ ለፍቹ ምክንያት የሆነው አንደኛው ተጋቢ እንደ ሆነና ፍትሕ ይህን የሚያስፈልገው ሆኖ ሲገኝ፥ ያደረሰውን ጕዳት እንዲክስ ፍርድ ቤቱ ሊወስን እንደሚችል ይናገራል። በ1952 ሕግ የንብረቱን ክፍያ ሁሉ ይገዛ የነበረው ጥያቄ አሁን ወደ ካሳ ተወስኗል፤ ያም በዳኛው ፈቃድ የሚታይ ነው። ዝሙትም ከፍች ምክንያቶች ዝርዝር ቢጠፋም በወንጀል ሕግ አለ፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በተበደለው ተጋቢ አቤቱታ ያስቀጣው ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣውም በ652ኛው አንቀጹ እንዲሁ አድርጎ አቆይቶታል። ፍችን በሚመለከተው ፍርድ ቤት ማንም የማይጠይቀው ጉዳይ በወንጀል ችሎት ክስ የሚሆንበት መንገድ ክፍት ነው፤ ሁለቱን ሕጎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ላነበበ ሰው ይህ መስማማት የጐደለው ነገር ነው።

የሕጉ ለውጥ ወደ ገጠር የደረሰው ከመሬት ጋራ ሆኖ ነው። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው በአንድነት እንዲሰፍር ተደረገ፤ በ1967 የጠፋው የሴቲቱ የመሬት መብት በሌላ መልክ ተመለሰ። በ1997 እና በ2009 እ.ኤ.አ. በገጠር ቤተ ሰቦች ላይ ከተደረጉት መጠይቆች፥ ኒሃ ኩማርና አግነስ ኩዊሱምቢንግ ባወጡት ጥናት እንደሚታየው፥ ያለማንም ጥፋት ፍች ቢሆን ንብረቱ እንዴት ይከፈላል ተብለው ሲጠየቁ፥ እኩል ይካፈላሉ ወደሚለው መልስ የተጠጋው ሕዝብ በዐሥራ ሁለቱ ዓመታት ውስጥ ጨምሯል። ጠያቂዎቹ «ያለማንም ጥፋት» ብለው ለይተው መጠየቃቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ ሕጉ ሁለቱን አንድ ቢያደርግም በሕዝቡ ዘንድ ጥፋት ያለበትና የሌለበት ፍች ሚዛኑ አንድ ላይሆን እንደሚችል ያውቁ ነበር።

የመጨረሻው ችግር ያልተፈረደ ፍች ነው። ሕጉ ከፍርድ ቤት በቀር የሚያፋታ የለም ቢልም፥ እንደ ጥንቱ ተለያይተው በየፊናቸው የሚኖሩ፥ ሌላም የሚያገቡ ባልና ሚስት አሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዱ ሲሞት ወይም ቤት ሲሸጥ ሁለት ሚስት ወይም ሁለት ባል በፍርድ ቤት ይገናኛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፥ አዲሱ ሕግ ከጸና በኋላ በነበሩት ዐሥር ዓመታት ውስጥ በሰጠው ውሳኔ፥ ተጋቢዎቹ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ሌላ ትዳር የመሠረቱ ከሆነ፥ የፍች ፍርድ ባይኖርም፥ ጋብቻው በተግባር ፈርሷል ብሎ ተረጐመ። የሕግ ሊቃውንት በዚህ ተከፋፍለዋል። አንዱ ወገን ዐዋጁ የመፍረስን ምክንያቶች ቈጥሮ ስለ ጨረሰ ችሎቱ ያልተጻፈ ጨመረ ይላል፤ ሌላው ወገን ከመዝገብ በቀር የትም የሌለውን ጋብቻ ሕያው ነው ማለት ሁለተኛይቱን ሚስትና ልጆቿን መበደል ነው ይላል። ፊተኛይቱ ሚስት ትታ ሄዳ ሳይሆን ተትታ የቀረች ስትሆን ግን ይህ ትርጓሜ ባል ያለ ፍርድና ያለ ክፍያ የጣላትን ሴት ከዐብሮ ኖሮ ሀብቷ ሊያርቃት ይችላል፤ በቤቱ ላይ ያላት ድርሻ እስከ የትኛው ቀን ድረስ ይቈጠራል የሚለው የሚወሰነው ሁለቱ የተለያዩበት ቀን ሲታወቅ ነውና። ያን ቀን የሚያሳይ መዝገብ የለም። ዳኛው ቀኑን ለማወቅ የሚጠራቸው ጎረቤቶችን፥ የዕድር ጓደኞችንና የሰማንያውን ምስክሮች ነው።